ወደ ኋላ የተነበበው ካምቢዮ

ዘመናት ሁሉ በፊቱ እንደ አንዲት ቅጽበት የሆኑለት፥ የነገርን ፍጻሜ ከመጀመሪያው አስቀድሞ የሚያውቅ ልዑል እግዚአብሔር ይመስገን። እርሱ ባወቀ፥ እርሱም በፈቀደው ጊዜ፥ በደብረ ብርሃን ከተማ ከባሕር ዛፍ ሥር ቆማ የዛገች አንዲት አሮጌ መኪና ወደ ቅዱስ ሚካኤል ደጅ ትደርስ ዘንድ ሆነ። እንዴት እንደ ደረሰች እንናገራለን፤ ፊቷን ወዴት አድርጋ እንደ ደረሰች ለማወቅ ግን ጥቂት መታገሥ ያስፈልጋል።

መኪናዋ የመሪጌታ ሠረቀብርሃን ታላቅ ወንድም የአቶ ምህረቱ ነበረች። በአራቱም ጎማዋ የምትጎትት፥ ሹፌሮች ፎርዊል የሚሏት ዓይነት ናት። አቶ ምህረቱ በሕይወት ሳሉ ከለሚ ስንዴና ምስር ይጭኑባት ነበር፤ ሌላው መኪና በክረምት ጭቃ ተውጦ ሲቀር እርሷ እየቧጠጠች ትወጣ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ ግን በመሪጌታ ግቢ ቆማ ቀረች። ዶሮዎች በሹፌሩ ወንበር ላይ እንቁላል መጣል ለመዱ። የመሪጌታ ባለቤት ወይዘሮ አልታየችም የሞተሩን ክዳን ለበርበሬ ማስጫ የሚሆን ከዚህ የተሻለ ቦታ በከተማው የለም ይሉ ነበር።

መሪጌታ ሠረቀብርሃን ዕድሜያቸውን በዜማ የጨረሱ ሊቅ ናቸው። ከጸናጽል በቀር ብረት በእጃቸው ዞሮ አያውቅም። ስለ መኪና የሚያውቁት ወንድማቸው ሲጠግን አጠገቡ ቆመው ያዩትንና የሰሙትን ብቻ ነበር። ነገር ግን አንድ ጊዜ ጆሯቸው የገባ ነገር አይወጣም፤ በዚህም ይመኩ ነበር። ትምክህታቸው መጠነኛ እንደ ነበረ እንዲቆጠርላቸው እንለምናለን።

ነገሩን ያመጣው የዓይን ሕመም ነው። መሪጌታን ከፊደል እስከ ዜማ ያስተማሩ የኔታ ኪዳነወልድ የሚባሉ አረጋዊ፥ ከአንኮበር በታች በአንድ ጉብታ ላይ ባለች የቅዱስ ሚካኤል ደብር ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶት ብዙ ዓመት ደብራቸውን የሚያውቋት በደወሏ ድምፅና በጽዷ መዓዛ ብቻ ነበር። በጥቅምት ወር ደብረ ብርሃን መጥተው ታከሙና፥ ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ በቀድሞ ተማሪያቸው ቤት ዐረፉ። ሐኪሙም ሁለት ነገር አዘዘ፤ ነፋስና አቧራ ፊታቸውን እንዳይመታው፥ ደግሞም በበቅሎ እንዳይሄዱ።

የኔታ በደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ተጠቅልለው፥ የግቢውን ፀሐይ እየሞቁ፥ ጠጉሩ የላላ የፈረስ ጭራቸውን እያወዛወዙ፥ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግሙ ነበር።

«ለኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ሲወጣ በዓይኔ ልየው፤ ሌላ አልጠይቅም። ለከርሞ ማን ይኖራል፥ ማን ይሄዳል፥ እርሱ ያውቃል።»

ሚኒባስ እስከ አንኮበር ያደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ግን ክረምቱ ስለ ሸረሸረው፥ በአራት ጎማ ከሚጎትት መኪና በቀር የሚደፍረው አልነበረም፤ እንዲህ ያለው መኪና ደግሞ በንግሥ ሰሞን አይገኝም። መሪጌታ የመምህራቸውን ልመና ሰምተው መታገሥ አልቻሉም።

«እኔ አደርስዎታለሁ፥ የኔታ» አሉ።

«በምን?»

«በወንድሜ መኪና።»

በዚያው ቅጽበት ከሹፌሩ ወንበር ላይ አንዲት ዶሮ እንቁላል መጣሏን አወጀች።

የወይዘሮ አልታየች ታናሽ ወንድም ኃይለ ገብርኤል የሚኒባስ ሹፌር ነው። ይህን በሰማ ጊዜ ግቢው ድረስ መጥቶ መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አየ፤ ጎማዋን በእግሩ መታ አደረገና ሳቁን ለመደበቅ ሳል አስመሰለ።

«ጋሼ መሪጌታ፥ ይህች መኪና የሚያስፈልጋት ፍትሐት ነው።»

«አንተ ዝም በል። ትነሣለች።»

«እትዬ አልታየች፥ በርበሬውን አንሺ፤ ሙታን ሊነሡ ነው!»

«ያላገጥክ እንደሆነ አንዲት ቡሎን አታስነካኝም፤ አንዲት ነገርም አልጠይቅህም» አሉ መሪጌታ፥ ጥምጣማቸውን እያስተካከሉ።

«እሺ። ከተነሣች የምነዳት እኔ ነኝ። ካልተነሣች ግን አሮጌ ብረት የሚገዛው ቁራሌው የሚጠራውም በእኔ ነው» አለና ሄደ።

መሪጌታ በመጀመሪያ ሞተሩን ይዘው ነበር። አጸዱት፥ ዘይቱን ቀየሩ፥ ካንዴላውን ፈትተው በአመድ ፈተጉት፥ ባትሪ ተዋሱ። አንድ ጠዋት ሞተሩ ካሳለና ካስነጠሰ በኋላ ተነሣ፤ ወይዘሮ አልታየችም እልል አሉ። መኪናዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። ማርሹ የሚኖርበት ካምቢዮ ውኃ ገብቶበት እርስ በርሱ ተጣብቆ ኖሯል። እንግዲህ ተፈትቶ፥ ዝገቱ ተፍቆ፥ ተመልሶ መገጠም ነበረበት።

በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን የሚፈታውን ሁሉ በወረቀት ይጽፍ ነበር፤ ወይም ፎቶ ያነሣ ነበር። መሪጌታ ግን ጽሕፈት የደካማ ጆሮ ምርኩዝ ነው ብለው ከሚያምኑት ወገን ናቸው። የሚፈታውን በቃላቸው ሊይዙ፥ በቃል ለመያዝም በዜማ ሊያወጡት አሰቡ። ነገር ግን ሕሊናቸው ወቀሳቸውና ወደ መምህራቸው ቀረቡ።

«የኔታ፥ ብረትን በዜማ ማለት ኃጢአት ይሆን?»

የኔታ አገጫቸውን በመቋሚያቸው ላይ አሳርፈው አሰቡ።

«የቅዳሴው ዜማ የቤተ መቅደስ ነው፤ እርሱን እንዳትነካ። ልጆች ዳዊት የሚያነቡበት የውርድ ንባብ ግን የትምህርት ነው። በእርሱ በል።»

በየኔታ ፈቃድ መሠረት መሪጌታ ከመኪናዋ ሥር ጋደም ብለው፥ አንዲት ነገር በፈቱ ቁጥር አንዲት ቃል እየጨመሩ፥ በውርድ ንባብ ያወርዱት ጀመር።

«ክዳኑ ከላይ፥ ቡሎኖቹ በዙሪያው፤ ከክዳኑ ሥር ወረቀቱ፥ ከወረቀቱ ሥር ሹካው፤ ከሹካው ጋራ ዘንጉ፥ ከዘንጉ ጫፍ ኩሽኔታው…»

በየቀኑ ከመጀመሪያው ጀምረው የትናንቱን ይደግማሉ፤ ከዚያ አዲሱን ይጨምራሉ። ከአጥር ወዲያ የበግ ጠጉር የምትፈትለው ጎረቤታቸው ብርነሽ በሳምንቱ ውስጥ እንዝርቷን በዚሁ ንባብ ማሽከርከር ያዘች። የኔታም ዓይናቸው እንደ ታሰረ ያዳምጡና ስለ ካምቢዮው አንዲት ነገር ሳይጠይቁ ስለ ንባቡ ግን ያርሙ ነበር።

«ሠረቀ! "ኩሽኔታው" ሲባል ድምፅህን ጣል አድርገህ ነው እንጂ አታንሣው! እንዲህ ነው ያስተማርኩህ?»

«ጣል እያደረግሁ ነው፥ የኔታ፤ ግን ኩሽኔታው ራሱ አፍንጫዬ ላይ ወደቀ።»

ከዕለታት በአንዱ መሪጌታ ዘንጉን ስበው ለማውጣት ሲታገሉ የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። አማተቡና አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። አፋቸው ወደ ጸሎት ሄደ፤ እጃቸው ግን ሥራውን አላቆመም ነበርና ዘንጉ ወጣ። ከሥሩም አንዲት ትንሽ ነገር ተስፈንጥራ በሣሩ ውስጥ ገባች። መሪጌታ ጸሎታቸውን ፈጽመው ወደ ንባባቸው ተመለሱ፤ ያቋረጡበትንም ቃል በትክክል አስታወሱ። በመካከል በእጅ ብቻ የተፈታችውን ግን አንደበታቸው ስላላወቃት፥ አእምሯቸውም አላወቃትም።

በጥቅምት መጨረሻ ካምቢዮው ባዶ ሆነ። ብረቱ ሁሉ ተፍቆ፥ ግራሶ ተቀብቶ፥ በወይዘሮ አልታየች ሰሌን ላይ ተደረደረ። ከዚያም መሪጌታ ለመግጠም ተቀመጡ፤ አማተቡ፤ አፋቸውን ከፈቱ።

«ክዳኑ ከላይ…»

ቆሙ። ክዳኑ ከላይ ነው፤ ስለዚህም መጨረሻ የሚገጠመው እርሱ ነው። መጀመሪያ የሚገጠመው መጨረሻ የተፈታው ነው። መሪጌታ ንባቡን ከራሱ እስከ እግሩ እንደ ውኃ ያወርዱታል፤ ከእግሩ ወደ ራሱ ግን አንዲት ቃል መውጣት አልቻሉም።

የመጨረሻዋን ያውቋታል፤ «ታችኛው ኩሽኔታ» ናት። ገጠሟት። ከእርሷ በፊት የነበረችውን ለማግኘት ግን ከ«ክዳኑ ከላይ» ጀምረው እስከ መጨረሻው መውረድ ነበረባቸው። ወረዱ፤ አገኙ፤ ገጠሙ። ከዚያችስ በፊት? እንደገና ከ«ክዳኑ ከላይ»። ለእያንዳንዱ ብረት ሙሉ ንባብ! ከሰዓት በኋላ ድምፃቸው ሰለለ፤ በማግሥቱ የሚገጥሙት ከሚሳሳቱት አነሰ፤ በሦስተኛው ቀን ከሰሌኑ አጠገብ ቁጭ ብለው ባዶ ካምቢዮ አፍጥጠው ያያሉ። ኅዳር ገብቷል፤ የሌሊቱ ውርጭ ጠዋት ጠዋት በመኪናዋ ጣራ ላይ ነጭቶ ይታያል። የሚካኤል ንግሥ ደጅ ላይ ነው።

ኃይለ ገብርኤል በዚያ ቀን ብቅ አለ።

«እንዴት ዋሉ ጋሼ መሪጌታ? ቁራሌው ሰላም ብሎዎታል።»

የመለሱለት ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ የኔታ ነበሩ። የዓይናቸው ጨርቅ በዚያው ሰሞን ተፈትቶ ጥቁር መነጽር አድርገዋል።

«ሠረቀ፥ ወደዚህ ና። ፊት ለፊቴ ቁጭ በል። ወንበር አይደለም፤ መሬት።»

ፀጉራቸው የሸበተው መሪጌታ መሬት ተቀመጡ።

«ልጅ ሳለህ ፊደል ሳስቆጥርህ፥ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ስትወርድልኝ፥ አበጀህ ብዬ ለቀቅሁህ?»

«አልለቀቁኝም፥ የኔታ።»

«ምን አደረግሁህ?»

«ከ"ፐ" ወደ "ሀ" አስወጡኝ።»

«ለምን?»

«በአፌ ብቻ ሸምድጄው እንደሆነ ሊፈትኑኝ።»

«በስንተኛው ቀን ቻልከው?»

መሪጌታ አንገታቸውን ደፉ። «አለቀስኩ፥ የኔታ። ከዚያ በኋላ ነው የቻልኩት።»

«እንግዲህ ማልቀሱን እንዝለለው። የመጨረሻዋን ሁለት ቃል ብቻ ያዝ፤ ሁለተኛዋን አስቀድመህ ጥራ። ከቻልክ ሦስተኛዋን ከላይ አምጣ። ሙሉውን እንዳትነካ።»

ትምህርቱ ተጀመረ። ሲሳሳቱ የመቋሚያው ጫፍ ትከሻቸውን ነካ ያደርጋል፤ ብዙ ሲሳሳቱ ነካ ከማድረግ ትንሽ ይበልጣል። ኃይለ ገብርኤል ግድግዳ ተደግፎ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«የሚስቀው ማነው?» አሉ የኔታ።

«እኔ ነኝ፥ አባቴ። ኃይለ ገብርኤል።»

«አንተም ቁጭ በል።»

«እኔ እኮ ሹፌር ነኝ፥ ለ…»

«ቁጭ በል!»

ተቀመጠ። በሹፌርነቱ ዘመን ሁሉ ካምቢዮ በአፉ ወደ ኋላ ሲቆጥር ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። መቋሚያውም በሹፌርና በመሪጌታ ትከሻ መካከል አላዳላም። አንድ ጊዜ ሁለቱም በአንድነት ሲሰናከሉ፥ ከአጥሩ ወዲያ የብርነሽ ድምፅ ተሰማ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች! ወደ ላይ ስትሄዱ ዘንጉ ከሹካው በፊት ነው የሚመጣው! እኔ እንኳ በእንዝርቴ ይዤዋለሁ!»

«ይህችን ማን አስተማራት?» አሉ የኔታ ተደስተው።

«ሠፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፥ የኔታ» አሉ ወይዘሮ አልታየች። «ትናንት ወፍጮ ቤት ሰልፍ ላይ ሲሉት ሰምቻለሁ።»

እንዲህ እያለ የመሪጌታ አፍ ወደ ኋላ መሄድ ለመደ፤ እጃቸውም አፋቸውን ተከተለ፤ ካምቢዮው ከታችኛው ኩሽኔታ ተነሥቶ እስከ ክዳኑ ድረስ ተነብቦ ተገጠመ። በሰሌኑ ላይ አንዲት ነገር አልቀረችም። መሪጌታ ባዶውን ሰሌን ለኃይለ ገብርኤል አንሥተው አራገፉለት። መኪናዋም ቁልፍ ሲዞር ተነሣች፤ ማርሽ ሲገባ ተራመደች፤ ዶሮዎቹም ሲንጫጩ ተሰደዱ።

ከዚህ በኋላ የቀረው ማሻሻል ነበር። የተሸረሸረው መንገድ ሆዷን እንዳይነካት ባሌስትራዋ ላይ ተጨማሪ ንጣፍ ብረት ገባና ከፍ አለች፤ ከፍታዋም ወይዘሮ አልታየች ለመውጣት በርጩማ የሚፈልጉበት ሆነ። ቀጥሎ የኔታ የሚቀመጡበት ነገር ታሰበ። የሹፌሩ ክፍል ጠባብ ነው፤ መስኮቱም አይዘጋም፤ የኔታም ጉልበታቸው አይታጠፍም። ስለዚህ መሪጌታ የራሳቸውን ባለ መደገፊያ ወንበር በጭነቱ ቦታ ላይ በቡሎን አሰሩት፤ ነፋሱና አቧራው ፊታቸውን እንዳይመታውም የወንበሩን ጀርባ ወደ ሹፌሩ፥ ፊቱን ወደ ኋላ አደረጉት።

ኃይለ ገብርኤል አየውና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ መሪጌታ፥ ሰው ወደ ደብሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይገባል?»

ይህ ቃል የመሪጌታን ልብ ነካ። ከቤተ መቅደስ የሚወጣ እንኳ ጀርባውን እንዳይሰጥ ወደ ኋላው እየተራመደ ይወጣል፤ ስንት ዘመን ሳያያት የኖረ አባት ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ ሊደርስ! መሪጌታ ወንበሩን ሊያዞሩት ቁልፍ አነሡ፤ የሐኪሙ ትእዛዝ ትዝ አላቸውና መልሰው አስቀመጡት። የኔታም ሰምተው ኖሮ ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ተወው፥ ልጄ። ስወርድ እዞራለሁ። እርሱ የዓይኔን ነገር ያውቃል።»

ይህን ያሉት ግን ሳይከፋቸው አልነበረም።

በዋዜማው ዕለት ፀሐይ ሞቅ ሲል ተነሡ። ኃይለ ገብርኤል መሪ ይዟል፤ መሪጌታ ከጎኑ ናቸው፤ የኔታ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፥ መቋሚያቸውን በአንድ እጅ፥ ጭራቸውን በሌላው ይዘው፥ በወንበራቸው እንደ ጳጳስ ተቀምጠዋል፤ ወይዘሮ አልታየች የድፎ ዳቦውን ታቅፈው ከእግራቸው ሥር ናቸው። በሜዳው መንገድ መኪናዋ አላሳፈረችም። አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ አንደኛው ማርሽ ከቦታው ሾልኮ ወጣ፤ ኃይለ ገብርኤልም መሪጌታን በጎን አየት አድርጎ ማርሹን መልሶ አስገባ። ከአንኮበር ወዲያ ወደ አሊዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ጥቂት ተከትለው ወደ ደብሩ በሚገነጠለው ኮረኮንች ታጠፉ። ከፊታቸውም የመጨረሻው ዳገት ቆመ፤ በአንድ ወገን ገደል፥ በሌላው ወገን ድንጋይ፤ በጫፉ ላይ የሚካኤል ጽዶች።

ኃይለ ገብርኤል አንደኛ ማርሽ አስገባ። መኪናዋ በአራቱም ጎማዋ እየቧጠጠች ጥቂት እንደ ወጣች፥ ማርሹ «ቋ» ብሎ ዘሎ ወጣ። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ፍሬን ተያዘ፤ ወይዘሮ አልታየች ዳቦውን ይዘው እመቤታችንን ጠሩ። እንደገና ሞከሩ፤ «ቋ»። መሪጌታ በሁለት እጃቸው የማርሹን እጀታ ተጭነው ሞከሩ፤ «ቋ» ብሎ ክንዳቸውን አጉኖ ወጣ።

«ጋሼ መሪጌታ፥ ንባቡ ውስጥ የተዘለለ ነገር አለ» አለ ኃይለ ገብርኤል።

«በንባቡ የተዘለለ የለም!»

«እንግዲያው ማርሹ ለምን ይዘላል?»

ከላይ የዋዜማው ደወል ተደወለ። መሪጌታ ዘወር ብለው በመስኮት ቢያዩ የወንበሩ ጀርባ ብቻ ነው የሚታየው፤ የኔታን ግን በሐሳባቸው አዩአቸው። ቃላቸውም፥ የመምህራቸውም ንግሥ፥ በዚያ ዳገት ሥር ሊቀር ሆነ።

«ኃይለ» አሉ፥ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። «አልጠይቅህም ብዬ ነበር። አሁን ግን እጠይቅሃለሁ። ምን ይሻላል?»

ኃይለ ገብርኤል ሊያላግጥ አፉን ከፈተ፤ ፊታቸውን አየና ተወው።

«የኋላ ማርሹ አይዘልም፤ ጉልበቱም ከሁሉ ይበልጣል። አዙረን በኋላዋ እንውጣ። ችግሩ እኔ አላይም፤ የጎን መስተዋት የላትም፥ የኋላውን መስኮት ደግሞ የእርስዎ ወንበር ዘግቶታል።»

«የኔታ ያያሉ» አሉ ወይዘሮ አልታየች ከኋላ። «ፊታቸው ወደዚያ አይደል?»

መኪናዋ በዳገቱ ሥር ባለው ሰፊ ቦታ ዞረች። ለየኔታም ተነገራቸው፤ በመቋሚያቸው የሹፌሩን ጣራ አንድ ጊዜ ከመቱ መኪናዋ ወደ ቀኛቸው፥ ሁለት ጊዜ ከመቱ ወደ ግራቸው ትዞራለች። ዓይናቸው ከተገለጠ ገና ሳምንቱ ነው፤ ሹመቱን ግን ሳያቅማሙ ተቀበሉ።

ጉዞው አምሮ ጀመረ። አንድ ምት፤ ወደ ቀኝ። ሁለት ምት፤ ወደ ግራ። መኪናዋ ቂጧን ወደ ሰማይ ሰጥታ እያጓራች ወጣች። ከገበያ የሚመለሱ አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ አህዮቻቸውን ወደ ድንጋዩ ወገን ጠጋ አድርገው ቆሙ፤ ጢማቸውን ይዘው ተመለከቱ።

«ሱብሃነላህ! ሸኽየው ወደ ፊት እየሄዱ ነው፥ መኪናይቱ ወደ ኋላ!»

ከዳገቱ ወገብ ላይ ጽዶቹ ገለጥ አሉ፤ ከጽዶቹም በላይ የደብሩ ጉልላት ብቅ አለ። ያን ጊዜ ከጣራው ላይ ምቱ በዛ። አንድ፥ ሁለት፥ አንድ፥ አንድ፥ ሁለት፤ ኃይለ ገብርኤልም ታዛዥ ሹፌር ነውና መኪናዋን ቀኝ፥ ግራ፥ ቀኝ፥ ቀኝ፥ ግራ አደረጋት። መኪናዋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር እየተወዛወዘች አካለለችው፤ አንድ ጎማዋ የገደሉን አፋፍ ድንጋይ ወደ ታች ላከ።

«እመቤቴ ድረሽ!» ጮኹ ወይዘሮ አልታየች።

«የኔታ ምን እያሉኝ ነው?» ጮኸ ኃይለ ገብርኤል። «ቀኝ ነው ግራ?»

መሪጌታ ጆሯቸውን ወደ ጣራው አቀኑ። ያን አመታት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

«መሪውን አትንካ! ቀጥ በል! ትእዛዝ አይደለም፥ ወረብ ነው! ደብራቸውን አይተው እያሸበሸቡ ነው!»

«እኔ በምን አውቄ ልለየው?»

«እኔ እለይልሃለሁ! ይህ ወረብ ነው… ይህም ወረብ ነው… ይህም… ይህ ግራ ነው! ግራ በል! አሁን ወረብ ነው፥ ተወው… ቀኝ! አሁን ቀኝ ነው!»

የኔታ በእውነትም ሁለቱንም አገልግሎት በአንድ መቋሚያ ይዘው ነበር፤ ሲያሸበሽቡ መንገዱን አልረሱም፥ መንገዱን ሲመሩም ምቱን አልሰበሩም። የዜማውን ምት ከመሪው ምት የሚለይ ጆሮ በዚያ ዳገት ላይ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ እየጮኸ ነበር። እንዲህ ሆነው፥ ጥቂት እየተወዛወዙ፥ ብዙ እያመሰገኑ፥ ከደብሩ ደጅ ደረሱ።

የደብሩ ቄስ ገብረአማኑኤልና ካህናቱ ጩኸቱን ሰምተው በደጀ ሰላሙ ቆመው ነበር። ወደ ኋላዋ የምትመጣ መኪና አዩ፤ በላይዋም ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያን ያቀኑ የኔታን አዩ። የኔታ ጥቁር መነጽራቸውን አወለቁ። ጉልላቱን አዩ፤ ጽዶቹን አዩ፤ ግድግዳውን ለረጅም ጊዜ አዩ። እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ።

«ገብረአማኑኤል» አሉ በመጨረሻ።

«አቤት፥ የኔታ።»

«ግድግዳውን ይህን ሰማያዊ የቀባው ማነው?»

«እኔ ነኝ፥ የኔታ። እርስዎ ሳያዩ በነበረ ጊዜ…»

«ከንግሡ በኋላ እንነጋገርበታለን።»

ሁሉም ሳቁ፤ የኔታም ሳቁ። እንባቸው ላይ ያረፉትን ዝንቦች ሊያባርሩም ጭራቸውን አነሡ። ኃይለ ገብርኤል ሊያወርዳቸው እጁን ዘርግቶ ሳለ ድንገት ቆመ። በጭራው እጀታ ላይ፥ የላላውን ጠጉር ጠፍንጋ የያዘች፥ ትንሽ ጥምዝምዝ ሞላ ነበረች።

«የኔታ… ይህችን ከየት አገኟት?»

«ይህችን? ዓይኔ ታስሮ ሳለ ከሠረቀ ግቢ፥ ከሣሩ ውስጥ በእጄ ዳብሼ ነው። ለጭራዬ ልክ ሆነች። ምነው፥ ትፈለጋለች?»

ኃይለ ገብርኤል ወደ መሪጌታ ዞረ። መሪጌታም ያቺን ሞላ አዩ፤ ከማርሹ ዘንግ ሥር ተቀምጣ ማርሹ እንዳይዘል የምትገፋው እርሷ እንደሆነች ገባቸው፤ ደወሉንም፥ ያቋረጡትንም ንባብ አስታወሱ። ቀጥሎም ሌላ ነገር አሰቡ። ሞላዋ በቦታዋ ብትሆን ኖሮ፥ መኪናዋ በፊቷ ትወጣ ነበር፤ የኔታም ጀርባቸውን ሰጥተው ይደርሱ ነበር።

«ዛሬስ አትፈለግም፥ የኔታ» አሉ ቀስ ብለው። «ስንመለስ እንጠይቅዎታለን።»

«ስንመለስ እኮ ወደ አንኮበር ያለው ዳገት…» ጀመረ ኃይለ ገብርኤል።

«ስንመለስ አልኩህ!»

በማግሥቱ ታቦቱ ወጣ፤ የኔታም ከካህናቱ ፊት ቆመው በዓይናቸው አዩ። ከንግሡም በኋላ ወይዘሮ አልታየች ጭራውን በጠንካራ ክር አሰሩላቸው፤ ሞላዋም ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ መኪናዋም የአንኮበርን ዳገት በፊቷ ወጣች። ዛሬ በዚያ ሠፈር ንባቡን የሚሉ ሁሉ «ከሹካው ጋራ ዘንጉ» ካሉ በኋላ ያማትባሉ፤ ከዚያም «ከዘንጉ ሥር ሞላዋ» ብለው ይቀጥላሉ። ብርነሽም በዚያች ቦታ ላይ እንዝርቷን ታቆማለች።

የረሳነውን የሚያስብልን፥ ያጎደልነውን ለበጎ የሚያውለው አምላክ፥ ይህን ያነበባችሁ ሁሉ ቤታችሁን ይባርክ። ግቢያችሁ የአረጋውያን ማረፊያ፥ ጓዳችሁ የእንግዳ ድርሻ የማይጠፋበት፥ የልጆቻችሁ ዓይን የጠራ፥ መንገዳችሁም ቢቃናም ቢጠመዝዝም ፊታችሁን ወደ ደጁ የምታቀኑበት ይሁን፤ አሜን።